«አብሮ» የጎደለው ገና

የቆርቆሮ በር በጣት አንጓ ቀስ ተደርጎ ሲቆረቆርና «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሲከተል፣ የያዝኩትን ሁሉ አስቀምጬ ቀና የማለት አመል አለብኝ። ባለፈው እንቁጣጣሽ ጎንደር በተከራየሁት ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ፣ ግቢያችን ጥግ የሚኖሩ አንድ አዛውንት እንዲያ ብለው ቢጠሩ፣ ቢላዋውን ጥዬ ወጥቼ በሩን እስክከፍትላቸው ድረስ እኔ ጎንደር አልነበርኩም፤ ከኮኪት ወጣ ብላ በሰሊጥና በማሽላ ማሳ መካከል በተቀመጠችው መንደራችን፣ በማለዳ የበዓል ልብሴን ለብሼ፣ ዛሬ ቀድሞ የሚመጣው ማን ይሆን እያልኩ ጆሮዬን ወደ አጥሩ ያቆምኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

የእኛ መንደር ሰው አብዛኛው ከደጋ የወረደ ነበር። ከበለሳ፣ ከደምቢያ፣ ከወገራ መሬት ፍለጋ መጥቶ፣ ቁጥቋጦ መንጥሮ፣ ወባውንም ሙቀቱንም ተላምዶ የቀረ። ሲወርድ ብዙ ነገር ጥሎ ነው የመጣው። ቆላው አደይ አበባ አያበቅልም፤ መስከረም ሲጠባ ሜዳውን የሚሞላው የሰሊጥ አበባ ነው፣ እሱንም ቀጥፎ ለሰው መስጠት በቤታችን ያስገርፍ ነበር፣ አባቴ እያንዳንዷ አበባ የምትቋጥረውን ሰሊጥ ገና ሳትቋጥረው ያየው ነበርና። የበዓል ሰላምታውን ሥርዓት ግን አንዲት ሳያስቀር ይዞት ወርዷል። እንዲያውም አበባው ስለሌለ ይመስለኛል፣ ቃሉ ላይ ከደጋው የባሰ ጥብቅ ሆኖ ነበር።

እናቴ ይህን ሥርዓት እንደ ዳዊት አስጠንታኝ ነበር። ፊት ሳይታጠቡ «እንኳን አደረሰህ» አይባልም። ታናሽ ወደ ታላቅ ቤት ይሄዳል እንጂ ታላቅ ቀድሞ ወደ ታናሽ ቤት አይመጣም። ሐዘን ያለበት ቤት ሲገባ ዘው ተብሎ አይጮኽም፤ ቁጭ ይባልና፣ ትንሽ ዝም ይባልና፣ ከዚያ በዝግታ ነው። ለዒድ መንደራችን መግቢያ ላይ ሱቅ ወዳላቸው ጎረቤቶቻችን ስንሄድ ደግሞ፣ ከሱዳን የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ደጅ ላይ በተዘረጋው አንግሬብ፣ በገመድ በተጠለፈው አልጋ፣ ተቀምጠው ይገኙ ስለነበር፣ «ኩሉ ሰና ወኢንቱ ጠይቢን» ማለትን፣ የእነሱን «እንኳን አደረሳችሁ»፣ አስተምራኛለች። እኔ ይህ «ኢንቱ» የሚሉት ነገር፣ «እናንተ» መሆኑን ሳላውቅ፣ «አንቱ» ማለት መስሎኝ፣ ዓረብኛ ተናጋሪ ሁሉ ለትልቁም ለትንሹም አንቱ የሚል ጨዋ ሰው ነው ብዬ ለብዙ ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ግን መልሱ ነበር። «እንኳን አደረሳችሁ» ላለ ሰው «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይባላል። «አብሮ»ን የዋጠ ሰው፣ እናቴ እንደምትለው፣ እግዜር አንተንም እኔንም ለየብቻችን ነው ያደረሰን ማለቱ ነው። ሳላውቅ «አሜን፣ እንኳን አደረሰን» ብዬ በምመልስበት ጊዜ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ «አብሮስ? ‹አብሮ›ን የት አደረግሻት?» ትለኝ ነበር፣ የጣልኳት ሳንቲም ይመስል።

አባቴን መንደርተኛው ካሴ ይለው ነበር። ከእኛ ቤት በማሽላ አገዳ አጥር ተለይተው የሚኖሩት አያ ደሴ የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ ሚስታቸውን እቴ ጠጄ እላቸው ነበር። አባቴና አያ ደሴ ከበለሳ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ተጭነው ነው የወረዱት፤ የመጀመሪያውን ክረምት በአንድ ብርድ ልብስ ያሳለፉ፣ ማሳቸውንም ጎን ለጎን የመነጠሩ ሰዎች ነበሩ። በመካከላቸው አንቱ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ሌላውን ሲጠራ «አንተ!» ብሎ ነው፣ ስም እንኳ የሚያነሱት ሲኮራረፉ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በእንቁጣጣሽ ቀን ነው። አያ ደሴ የመጀመሪያ ልጃቸውን በዚያ ዓመት ገንዳ ውሃ ድረው ስለነበር፣ አማቶቻቸው ለበዓሉ መጥተው፣ ነጭ ለብሰው፣ በዝምታና በአክብሮት ተደርድረው ተቀምጠዋል። አባቴ ከዚህ አንዱንም አያውቅም። ማለዳ ተነስቶ አረሙ ያሰጋውን ማሳ ተመልክቶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ፣ በዚያው እግሩ እንደ ወትሮው ጎራ ይላል። እኔም ከኋላው ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣ «አንተ ሰነፍ! ፀሐይ እዚህ ደርሳ ገና ተኝተሃል? በል እንኳን አደረሰህ!» አለ።

ከአማቶቹ አንዱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አያ ደሴ ወደ መሬት አይተው፣ «አሜን። እንኳን አደረሰህ» አሉ። ይኸው ነው። እቴ ጠጄ ጠላ ቀድተው ሰጡትና አባቴ በቆመበት ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ፣ ብርጭቆውን ከነግማሹ አስቀምጦ ወጣ። ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «በአማቶቹ ፊት! አንተ ብሎት!» ስትል፣ ስለ ነጮቹ ልብሶችና ስለ ዝምታው ያን ጊዜ ገባኝ።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ከሱቁ በኩል ወሬ መጣ። ደሴ «ታናሽ ታላቁን እንዲህ ያዋርዳል?» ብሏል ተባለ። ይህች ወሬ ከስድቡ የባሰች ሆነች፣ አባቴ «ታናሽ» መባሉን ጨርሶ ሊውጠው አልቻለም። ሰው እየሰማው «እኔ የተወለድኩት አንበጣ በወረደበት ዓመት ነው፣ እሱ አንበጣውን በወሬ ነው የሰማ!» ይል ነበር። አያ ደሴ ደግሞ አንበጣውን በሁለት እግራቸው ቆመው በድስት ክዳን እንዳባረሩት ይናገራሉ ተባለ። የሁለቱም እናቶች በለሳ አፈር ሆነዋል፣ የሚመሰክር የለም። ይህ እንዲያው ለወሬ የሚያስቅ ነገር ይመስላል፤ እኛ ቤት ግን ሳቅ አልነበረም፣ ምክንያቱም በሥርዓቱ መሠረት ለመታረቅ ለበዓል ቀድሞ የሚሄደው ታናሹ ነው፣ ታናሹም አልተገኘም።

መስቀል ደረሰ። አባቴ ችቦውን እያሰረ፣ ዓይኑን ከችቦው ሳያነሳ፣ «ስንዱ፣ ነገ ጠዋት ሂጂና አባቴ እንኳን አደረሳችሁ ብሏል በይ» አለኝ። ልጅ መላክ ይቻላል፤ ልጅ ሄደች ማለት አባትየው ሄደ ማለት አይደለም፣ ቀረ ማለትም አይደለም። ሄድኩ። አያ ደሴ ከግቢያቸው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ያልኩትን ሰምተው፣ «አሜን፣ እንኳን አደረሰው በይው» አሉኝ። ተመልሼ እንዳለ ነገርኩት።

«‹አደረሰው›?» አለ አባቴ። «‹አብሮ› የለም?»

«የለም።»

አባቴ ራሱን ነቅንቆ ወደ ማሳው ሄደ። ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ዋለ።

ከመስቀል በኋላ የቆላው ሥራ ፋታ አይሰጥም። የሰሊጡ ፍሬ ቋቱን ከፍቶ ሳይረግፍ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ መቆም ስላለበት፣ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ለማግኘት ሁሉም ይሻማል። በደህናው ጊዜ አባቴና አያ ደሴ ሠራተኛ የሚቀጥሩት በአንድ ላይ ነበር፤ የአንዱን አጭደው ወደ ሌላው ይሻገራሉ፣ ምግቡንም እናቴና እቴ ጠጄ በተራ ያደርሱ ነበር። በዚያ ዓመት ግን በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ቡድን፣ ሁለት የውሃ በርሜል፣ ሁለት የሸራ ጥላ ሆነ። ሴቶቹ አልተጣሉም፤ እናቴ በርበሬ ስትፈልግ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ታሾልክ ነበር፣ ከወዲያ በኩል በርበሬው ይመጣል፣ ሁለቱም ግን ድምፅ አያሰሙም። እኔ ግን ያ ቀዳዳ አይበቃኝም ነበር። እቴ ጠጄ ጠጉሬን የሚሠሩኝ፣ ወባ ሲይዘኝ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ የሚያብሱኝ ሴት ነበሩ፤ ጠጉሬ በዚያ ወር ያደገውን ያህል አድጎ አያውቅም።

በአጨዳው መካከል አባቴን ወባ ጣለው። ዘጠኝ ቀን ከአልጋ አልተነሳም። መንደሩ ሁሉ እየመጣ ጠየቀው፣ አያ ደሴ ብቻ ቀሩ። አባቴ ላቡ በፊቱ እየወረደ፣ ሰው በገባ ቁጥር አንገቱን ከትራሱ ቀና አድርጎ አይቶ መልሶ ይተኛ ነበር። ማንን እንደሚጠብቅ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ከሠራተኞቹ አንድ የጎጃም ሰው ለእናቴ «እሜቴ፣ ያ ጎረቤታችሁማ ቀኑን ሙሉ ከዚህ ማሳ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። አንድ ነዶ ሲዘም መጥቶ አቃንቶት ሄደ» ሲላት ሰምቻለሁ። እናቴ ይህን ለአባቴ አልነገረችውም፤ ለምን እንዳልነገረችው እስከ ዛሬ አይገባኝም፣ ምናልባት ትኩሳቱ ላይ ቁጣ እንዳይጨመርበት ሰግታ ይሆናል።

ሰሊጡ ገባ፣ ሠራተኞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ደጋቸው ተመለሱ፣ ማሽላው ቀላ፣ ነፋሱም ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ ማለት ጀመረ፤ ገና መጣ። አባቴ እንደገና ላከኝ። ከበሽታው በኋላ ከስቶ ነበር፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። አጥሩን ዞሬ ገባሁ፣ የተላክኩትን አልኩ፣ አያ ደሴም ያንኑ መለሱልኝ፦ «አሜን። እንኳን አደረሰው በይው።»

ከእሳቸው በር እስከ እኛ በር ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ስመለስ አባቴ ደጃፋችን ላይ ቆሞ፣ ያልተበላሸውን የበር ማጠፊያ በመዶሻ ይነካካ ነበር። አላየኝም ለማለት ፊቱን አዙሯል። የአንገቱን ጅማት አየሁት፣ እንዴት እንደ ቀጠነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቤ አላደረግኩትም።

«ምን አለ?» አለኝ።

«‹እንኳን አብሮ አደረሰን› ብለዋል።»

መዶሻው ቆመ። «‹አብሮ› አለ?»

«አዎ።»

«በአፉ?»

«በአፋቸው።»

አባቴ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ወደ ቤት ገብቶ፣ እናቴን «ይቺን ነገር አቅርቢያት እንጂ፣ ሰው እኮ ርቦታል» አላት። ሁለቴ እንጀራ አስጨምሮ በላ። አመሻሹ ላይ አንዲት የበለሳ ቀልድ አውርቶ እሱው ሲስቅ፣ የሳቁ ድምፅ አጥሩን አልፎ ሄደ። ከሳቁ መለስ ሲል ግን አንድ ነገር አለ፦ «እንግዲህ እሱ ይህን ካለ፣ ታላቅም ልሁን ታናሽ፣ ለፋሲካ እኔ ራሴ እሄዳለሁ።» ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

አባቴ ሄዶ «‹አብሮ› ስላልክ መጣሁ» ይላል። አያ ደሴ «እኔ? መቼ?» ይላሉ። ሁለቱ ቤቶች ከዚያ ወዲያ አይታረቁም፣ ጥፋቱም የእኔ ይሆናል። ከገና እስከ ፋሲካ ያለውን ጊዜ ያን ያህል የቆጠረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጥምቀት አለፈ፤ ታቦት ሲወርድ ሁለቱም ሰዎች በየፊናቸው ሲዘምሩ እኔ የአባቴን እጅ ይዤ ወደ ሌላ በኩል እጎትተው ነበር። ዓቢይ ጾም ገባ። ለበደሌ ካሳ ይሆናል ብዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀመርኩ፤ እናቴ መንፈስ ቅዱስ የወረደብኝ መስሏት ለጎረቤት ሁሉ ታወራልኝ ነበር፣ ይህም ሌላ ኃጢአት ሆነብኝ።

ሙቀቱ በረታ። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ጥላ ለጥላ የሚንከራተቱበት፣ ቆርቆሮው ጣሪያ በራሱ ጊዜ ቋ ቋ የሚልበት ወቅት ነው። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ከእንግዲህ መሸሽ እንደሌለ አወቅኩ፤ ለአያ ደሴ ራሳቸው ልነግራቸው ቆረጥኩ። ችግሩ ግን በሕማማት ሰላም አይባባልም። ይሁዳ በሰላምታ ነውና ጌታን አሳልፎ የሰጠው፣ በዚያ ሳምንት ሰው ከሰው አይጨባበጥም፣ አይሳሳምም፣ «እንዴት ዋሉ» አይባልም። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰውን ሰላም ሳልል ወሬ መጀመር አላውቅበትም። በየቀኑ ኒሙ ሥር እስኪቀመጡ ጠብቄ እሄድና፣ መጀመሪያው ቃል ጠፍቶብኝ እመለስ ነበር። ማክሰኞ ተመለስኩ፣ ረቡዕ ተመለስኩ።

ሐሙስ ዕለት አንግሬቡን ገልብጠው የላላውን ገመድ ሲያጠብቁ ፊታቸው ቆሜ ቀረሁ። ቀና ብለው «ምነው ስንዱ?» አሉ።

«ዋሽቻለሁ።»

«ማንን?»

«አባቴን። ለገና ያላሉትን ብለዋል አልኩት።»

«ምን አልኩ አልሽው?»

«‹እንኳን አብሮ አደረሰን›።»

እጃቸው ገመዱ ላይ ቆመ። «እሱስ ምን አለ?»

«‹በአፉ?› አለኝ። ከዚያ ሁለቴ አስጨምሮ በላ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏል።»

ገመዱን እንደገና ሳቡት፣ ቋጠሩት፣ በጥርሳቸው አጠበቁት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተቆጡም፤ ይስቁ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ፣ አልሳቁም። በመጨረሻ ጥላው ሥር ወደ ቆመው የሸክላ ዚር፣ ወደ ውሃው ጋን፣ አመልክተው «ሂጂ ከዚያ ቀድተሽ ጠጪ። ፊትሽ በርበሬ መስሏል» አሉኝ። ጾም ነኝ አልኳቸው። «ልጅ አይደለሽም ወይ? ማን ጹሚ አለሽ?» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ሳላውቅ ዓርብን ሰገድኩ፣ ቅዳሜንም ዋልኩ።

የፋሲካ ዕለት አባቴ ጢሙን ተላጨ፣ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፣ ጫማውን ሁለት ጊዜ ወለወለ። እናቴ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በጨርቅ ሸፍና ራሴ ላይ አስቀመጠችልኝና ከኋላው ሄድኩ። አባቴ በአያ ደሴ በር ላይ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በጣቱ አንጓ ቆርቆሮውን መታ፤ «ቤቶች!» አለ። ሰባት ወር ሙሉ ያን በር አልመታውም።

አያ ደሴ ወጡ። ሁለቱ ተያዩ። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ፣ አቶ ደሴ» አለ። ሌሊቱን ሲለማመዳት ያደረ ነው የሚመስል፣ አንዲት አልተሳሳተም።

የአያ ደሴ ፊት ግን ጠቆረ። «ምን አልክ?» አሉ።

«እንኳን አደረሰዎ።»

«ካሴ፣ እኔን ነው አንቱ የምትል? እኔን?» ድምፃቸው ተሰበረ። «በአንድ ብርድ ልብስ ያደርን ሰዎች! አንቱ ካልከኝማ በቃ፣ እውነትም ጠልተኸኛል!»

አባቴ ግራ ገባው። «አንተ ስላልኩህ አይደለም ወይ የተቀየምከኝ?»

«አንተ ስላልከኝ? በአማቶቼ ፊት ሰነፍ ስላልከኝ ነው እንጂ! እኔ ሰነፍ ነኝ? ማሳዬን አይተኸዋል?»

«ታናሽ ብለኸኛልሳ?»

«ማን? እኔ? ‹ወንድም ወንድሙን እንዲህ ያዋርዳል?› ነው ያልኩ!»

ከሱቁ እስከ ቤታችን ቃል ተሸክሞ ሲሄድ የሚቀይር ሰው እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፣ ነገር ግን ለመጽናናት ጊዜ አላገኘሁም። አባቴ ፊቱ በራና «እኔማ ለገና ‹አብሮ› ብለህ ስትልክልኝ ቂምህ እንደ ሻረ ገብቶኝ ነበር» አለ።

አያ ደሴ ዞር ብለው አዩኝ። ራሴ ላይ ያለውን ድፎ በሁለት እጄ ያዝኩ። እሳቸው ለረጅም ጊዜ ያዩኝ መሰለኝ፣ ምናልባት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ይሆናል።

«አዎ፣ ብያለሁ» አሉ። «ልጅቱ አንዲት ቃል አልጨመረችም።» ከዚያም አባቴን በትከሻው ስበው፣ መንደሩ እስኪሰማ ድረስ፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን! ግባ አንተ፣ ምን በር ላይ ይገትርሃል!» አሉት።

እቴ ጠጄ ድፎውን ከራሴ ላይ ሲያወርዱልኝ ጠጉሬን አይተው «ኧረ ይቺን ልጅ ምን አደረጓት!» ብለው ጮኹ። እኔ አልቅሼ ነበር፤ ድፎው ከብዷት ነው አሉ። ከብዶኝም ነበር። ግን እንደዚያን ቀን ያለ እፎይታ በዕድሜዬ አላገኘሁም፤ ዶሮ ወጡን እስኪያልበኝ በላሁ፣ ከሰዓት በኋላም እዚያው አንግሬቡ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቅደም የሚለው ነገር በሁለቱ ሰዎች መካከል መላ ተገኘለት። እንቁጣጣሽና ገና እኛ ቤት፣ መስቀልና ፋሲካ እነሱ ቤት ሆነ። በቅርብ ዓመት ገንዳ ውሃ አብረው ሄደው አዲሱን መታወቂያ ሲያወጡ፣ መዝጋቢዋ ልጅ የልደት ቀን ብትጠይቃቸው፣ ጥግ ይዘው ተንሾካሹከው መጥተው አንድ ቀን፣ አንድ ወር፣ አንድ ዓመት አስመዝግበዋል። ልጅቱ «መንታ ናችሁ?» ብትላቸው አባቴ «አዎ» ብሏት አረፈው።

እኔ አሁን ጎንደር አስተማሪ ነኝ። በዓል ሲመጣ ሁልጊዜ መውረድ አይቻልም፤ መንገዱ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ስልኩም እንደዚያው። ባለፈው ፋሲካ መንገዱ እንቢ ብሎ ኔትወርኩ እሺ ስላለ ደወልኩ። አባቴ ጆሮው ደክሟልና ትንሽ ጮኸን ካወራን በኋላ «እንኪ ደሴ እዚህ ነው» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው። እንደ ወጉ ሰላምታውን ሰጥቼ፣ እንደ ወጉ ከተመለሰልኝ በኋላ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኳቸው።

«አያ ደሴ፣ ያኔ ለፋሲካ ለምን ዋሹልኝ?»

«መቼ ዋሸሁ?»

«ለገና ‹አብሮ› ሳይሉ፣ ብያለሁ አሉ እኮ።»

ሳቁ፣ ሳቃቸውም ወደ ሳል ተለወጠ። «ስንዱ፣ አንቺ ከበሩ ሳትወጪ ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ ነበረች እኮ። ልጠራሽ ብዬ ተነሳሁ። ደግሞ ኩራቴ ያዘኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። አመሻሹ ላይ አባትሽ ሲስቅ በአጥሩ ሰማሁት፤ ‹ኧረ ማን አደረሰለት?› ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ውሸታም ነኝ ብዬ የኖርኩት ሴት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ስልኬ በመልካም ምኞት ተሞልቶ ነበር። አበባ ያለበት፣ ሻማ ያለበት፣ የሚንቀጠቀጥ ጽሑፍ ያለበት ስዕል ከሰው ለሰው ሲተላለፍ ውሎ ይደርሰኛል፣ ቃሉም ሙሉ ነው፣ «አብሮ» የጎደለበት አንድም አላገኘሁም። በልጅነቴ ያችን ቃል ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ጠብቀናታል፤ ዛሬ ዓይኔን ሳልገልጥ ደርሳ ትጠብቀኛለች። ስልኩን አልወቅሰውም፣ እሱ ባይኖር የአያ ደሴን ነገር ሳልሰማ በቀረሁ። ግን ሊጠራኝ ተነስቶ ተመልሶ የተቀመጠውን ሰው ስልኬ አያሳየኝም። ስለዚህ በበዓል ጠዋት አሁን የማስበው የላኩልኝን ሳይሆን ያልላኩልኝን ሰዎች ነው፤ ታላቄ ይሁኑ ታናሼ ሳልጠይቅ፣ ቀድሜ እደውልላቸዋለሁ።